የስምንቱ ተነሺዎች አስረጂ

አስረጂ የሌለበት ሰፈር የለም። መብራት የሌለበት፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣበት ሰፈር ሊኖር ይችላል፤ አስረጂ የሌለበት ግን እኔ እስከ ዛሬ አላየሁም። እናንተም ታውቁታላችሁ። መብራት ሲጠፋ ለምን እንደጠፋ፣ ሲመጣ ደግሞ ለምን መምጣት እንዳልነበረበት የሚነግራችሁ ሰው ነው። ሐኪም የጻፈላችሁን ወረቀት ከእጃችሁ ተቀብሎ፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አይቶ፣ «እ...» ብሎ የሚመልስላችሁ እሱ ነው። ከዚያች «እ...» በኋላ የሰላም እንቅልፍ የለም።

የእኛ ረድፍ አስረጂ ክቡር ጋሽ ማለት ይባላሉ። እናትና አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ መሆኑን እገምታለሁ፤ ነገር ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጉርብትና አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ይህንን ስም ያገኙት ከገዛ አፋቸው ነው። የሚናገሩት ነገር ሁሉ «ማለት ነው» የሚል ጭራ አለው። «ዛሬ ሊዘንብ ነው ማለት ነው።» «ሻይ ልጠጣ ነው ማለት ነው።» አንድ ጊዜ እርጥብ ደረጃ ላይ አዳልጧቸው በጀርባቸው ሲዘረጉ፣ ገና መሬት ሳይነኩ «ወደቅኩ ማለት ነው» ሲሉ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሙያቸው ሰዓት መጠገን ነው። ከእኔ ፎቶ ቤት ግድግዳ ጋር የተጠጋ፣ ላዩ መስታወት የሆነ ጠረጴዛ፣ አንድ መደገፊያው የወለቀ ወንበር፣ በአንድ ዓይን ላይ የምትሰካ ማጉያ መነጽር፤ ድርጅታቸው በሙሉ ይኸው ነው። ስልክ ሁሉ ሰዓት መቁጠር ከጀመረ ወዲህ ሰዓት የሚያስጠግን ሰው እየጠፋ ሄደ። ስለዚህ ጋሽ ማለት ሰፊ ጊዜ አላቸው። ያንን ሰፊ ጊዜ ሳይሰስቱ ለእኛ ሰጥተውናል።

ማብራሪያቸው አንድ ጠባይ አለው። ሳይጀምሩ ነገሩ ግማሽ በግማሽ ገብቷችሁ ከነበረ፣ ሲጨርሱ ያ ግማሹም ይወጣል። ልብስ ሰፊዋ አዲስ የስፌት መኪና ያስመጣች ጊዜ ለአንድ ከሰዓት አስረዷት፤ ሃያ ዓመት ስትሰፋ የኖረች ሴት በማግስቱ ክር በየት እንደሚገባ ጠፋት። እኔም አልዳንኩም። አዲስ ካሜራ ገዝቼ መመሪያውን ከእኔ ጋር ካነበቡልኝ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ የማነሳው ሰው በሙሉ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣ ነበር። ሙሽሮችም ጭምር።

እንግዲህ ደብዳቤው የመጣው እንዲህ ባለ ረድፍ ላይ ነው።

ስምንት ቤቶች ነን። እኔ በሳምንት አንድ ቀን ለጋዜጣ እጽፋለሁ፣ የቀረውን ስድስት ቀን ፎቶ አነሳለሁ። ከጎኔ ልብስ ሰፊዋ አለች፤ ከእሷ ቀጥሎ በርና መስኮት የሚሠራው ብረት በያጅ፣ ከዚያ ፀጉር ቤቱ፣ ከዚያ ሌሎቹ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት በየበራችን ሥር አንዳንድ ወረቀት ተወርውሮ አገኘን። እንዲህ ይላል፦ «መንገዱ ስለሚሰፋ፣ በረድፉ ያሉ ስምንት የንግድ ቤቶች ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ይነሳሉ። ተነሺዎች የሚያዛውሩትን ዕቃና አብረዋቸው የሚዛወሩ ሠራተኞችን ዝርዝር በፎርሙ ሞልተው እንዲያዘጋጁና በወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ጠዋት በየቤታቸው ደጃፍ ተገኝተው እንዲነሱ እናሳስባለን።»

ደነገጥኩ። ቤቱን ከነመብራቱ፣ ከነመጋረጃው፣ ፎቶ የማጥብበትን ጨለማ ክፍል ከነውሃ መስመሩ ነቅዬ መሄዴ ነው። ምትክ ቦታ ይሰጣችኋል ተባልን፤ መንገዱ ጫፍ ላይ ያለ አዲስ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ። እኔን የሚያውቀኝ ሰው በመንገድ ሲያልፍ የሚያየኝ ሰው ነው። ጉርድ ፎቶ ለመነሳት ብሎ ማን ደረጃ ይወጣል? ባለቤቴ ወረቀቱን አንብባ አጠፈችና «በል ዕቃህን መቁጠር ጀምር፤ ለደንበኞችህም ከአሁኑ ንገር» አለችኝ። ነገሩ ለእሷ ያን ያህል ግልጽ ነበር። ስህተቴ እሷን ሰምቼ ዝም አለማለቴ ነው። ወረቀቱን ይዤ ወደ ጋሽ ማለት ወጣሁ።

ስደርስ ሰባቱም ቀድመውኛል። ክቡርነታቸው ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ደብዳቤውን እንደ ሰዓት ሆድ እየበረበሩት ነበር።

«ለሕዝብ ጥቅም ይላል» አሉ። «እንግዲህ ሕዝብ ማለት እኛ ነን ወይስ አይደለንም? ከሆንን፣ ጥቅሙ የእኛ ነው። ጥቅሙ የእኛ ከሆነ ለምን እንነሳለን? ካልሆንን ደግሞ ደብዳቤው የተጻፈው ለእኛ አይደለም ማለት ነው።»

«ስለዚህ አንነሳም?» አለ ብረት በያጁ፣ ተስፋ አድርጎ።

«እንነሳለን እንጂ! ግን በየትኛው በኩል ነው ማለት ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ቀድሞውንም አንድ ቃል ላይ ቆማ ቀርታለች። «መንገዱ ይሰፋል ይላል እኮ» አለች፣ አጥብቃ እያነበበች። «መንገድ ደግሞ በምን ይሰፋል?» ሰፊ ይሆናል ማለት መሆኑን ለማስረዳት ጋሽ ማለት ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። ስለ ሁለተኛው ፎቅ ደግሞ ምድር ቤቱ እንደ አንድ ፎቅ ይቆጠራል አይቆጠርም የሚለውን በዝርዝር አዩልን፤ ከዚያ የተነሳ ብረት በያጁ ሦስት ቀን ሙሉ ጣራ ላይ የተመደበ መስሎት ሲበሳጭ ሰነበተ።

ዋናው ጉድ ግን የመጨረሻው መስመር ነው። «በየቤታቸው ደጃፍ ተገኝተው እንዲነሱ።» ጋሽ ማለት ይቺን ሁለት ጊዜ አነበቡና ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«ይሄ እንኳ ያንተ ነው» አሉኝ። «መልቀቅ ቢሆን ልቀቁ ይሉ ነበር። ደጃፍ ላይ ተገኝቶ መነሳት ምንድን ነው? ፎቶ ነው! ቤቱ ሳይፈርስ ባለቤቱ ከነቤቱ ለማስረጃ ይነሳል ማለት ነው።»

አሁን እናንተ ትስቃላችሁ። ግን እስቲ በእኔ ቦታ ሁኑ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለእኔ አንሺ ማለት እኔ ነኝ፤ ተነሺ ማለት ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ አገጩን ቀና የሚያደርገው ሰው ነው። ተነሺ የሚል ቃል ከመንግሥት ቢሮ ሲመጣ ሌላ ምን ላስብ? ልብስ ሰፊዋ በመርፌ እንዳነበበችው እኔም በካሜራዬ አነበብኩት። ደስም ብሎኛል፤ ስምንት ቤት አንሺ ፈልጎ ሌላ ዘንድ አይሄድም።

የወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ደረሰ። ጠዋት በአንድ ሰዓት ረድፉ ሠርግ ያለበት መስሏል። ብረት በያጁ ኮት ለብሶ፣ ከሥሩ ግን የሥራ ሱሪውን መቀየር ረስቶ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ለሌላ ሰው የሰፋችውን ቀሚስ ለአንድ ቀን ተውሳለች። ጋሽ ማለት ከደጃፍ ደጃፍ እየሮጡ «ትንሽ ወደ ግራ! አይ፣ የእኔን ግራ ሳይሆን የራስህን ግራ ማለት ነው!» እያሉ ሰውን አቆሙልኝ። ሰባቱን አነሳሁ። እኔን እሳቸው ራሳቸው አነሱኝ፤ እስከ አንገቴ ድረስ በጣም ጥሩ ሆኜ ወጥቻለሁ።

ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት የጭነት መኪና መጥቶ ቆመ። ከፊተኛው ደብዳቤውን የላከው ቢሮ ኃላፊ ወረደች። ቀጭን ፋይል በብብቷ ይዛለች። ረድፉን ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ አየችው፤ ዕቃው እንዳለ በየመደርደሪያው ነው፣ ሰዉ በየበሩ ተኳኩሎ ቆሟል።

«ዛሬ ሐሙስ አይደለም እንዴ?» አለች።

«ነው» አልናት።

«ታዲያ ለምን አልተነሳችሁም?»

«ኧረ ተነስተናል!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ቅር ብሏት። «ጠዋት በአንድ ሰዓት ነው የተነሳነው።»

«የት ነው የተነሳችሁት?»

«እዚሁ፣ በራችን ላይ።»

ኃላፊዋ ፋይሉን ከብብቷ አወጣች፤ ከፈተችው፤ መልሳ ዘጋችው። «እሺ ዕቃችሁስ?»

«ዕቃው ከኋላ ይታያል» አልኳት፣ በሥራዬ ኮርቼ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዝም ልለው ነበር፤ ግን ጀምሬዋለሁ። ጋሽ ማለት ወደፊት ወጥተው አስረዷት። ሲያስረዷት መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥሎ ግራ ተጋባች፣ በመጨረሻ ደብዳቤውን እሷ ራሷ እንደ አዲስ አነበበችውና ከንፈሯን ነክሳ ወደ መኪናው ዞራ ቆመች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስትመለስ ፊቷን አኮሳትራለች። «አሥር ቀን ሰጥቻችኋለሁ» አለች። «ፎርሙንም ሞልታችሁ ቢሮ ታስገባላችሁ። በአሥረኛው ቀን ግን መነሳት ማለት መውጣት ነው። ወጥቶ መሄድ!»

«እንዲህ ተብሎ በግልጽ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ...» አሉ ጋሽ ማለት፣ የተበደሉት እሳቸው ይመስል።

ቢሮ እንዲህ ዓይነት ምሕረት ሁለቴ እንደማያደርግ ገብቶናል። በእነዚያ አሥር ቀናት ረድፉ በሙሉ በካርቶንና በገመድ ተያዘ። ጋሽ ማለት ጠረጴዛቸውን ትተው ከቤት ቤት ሲዞሩ ይውላሉ። የልብስ ሰፊዋን ጨርቅ ጠቀለሉ፤ ለብረት በያጁ በር ያዙ፤ ከፀጉር ቤቱ መስታወት ሲወርድ ሥሩ ቆመው እጃቸውን ዘርግተው ጸለዩ። እኔ ዘንድ የደንበኞች አሮጌ ኔጌቲቮች አሉ፤ ከእኔ በፊት ከነበረው ሰው የተረከብኳቸው ጭምር፣ ሃያ ሦስት ካርቶን። እነሱ ከተቀላቀሉ እኔ አበቃልኝ። ጋሽ ማለት «እኔ ምልክት አደርግልሃለሁ» ብለው ብዕር አነሱ። ስመለስ አንዱ ካርቶን ላይ «ከሌላኛው በፊት የሚከፈት፣ ሌላኛው ካልተከፈተ» ይላል። ሌላኛው ላይ «ይሄ ያ አይደለም» ይላል።

በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጋረጃዎቹን ስናጥፍ ነው። እሳቸው በአንደኛው ጫፍ እኔ በሌላው ጫፍ ይዘን ጨርቁን እያቀራረብን ነበርና ዝም ብሎ ከአፌ ወጣ።

«የእርስዎስ ካርቶን የታለ? መቼ ነው የሚያሽጉት?»

«ለእኔ ደብዳቤ አልመጣም» አሉ።

«ማለት ነው» የሚለውን ጭራ ጠበቅኩ። አልመጣም። የመጋረጃውን ጫፍ ሰጡኝና የሚቀጥለውን ለማውረድ ወንበሩ ላይ ወጡ። ወደ ውጪ አየሁ። ግድግዳው የእኔ ነው፤ ይፈርሳል። ጠረጴዛው የቆመበት መሬት የመንገዱ ነው። ቁጥር ያለው ቤት ይነሳል፤ ቁጥር የሌለው ጠረጴዛ ተነሺ አይባልም፣ ምትክ ቦታም የለውም። እሳቸው ይህንን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃሉ። ያቺን ወረቀት በማጉያ እያንዳንዷን ቃል ሲበረብሩ «ጠረጴዛ» የሚል አንድ ቃል ፈልገው አጥተዋል።

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው?» አልኳቸው።

«እስቲ አየዋለሁ» አሉና ወደ መጋረጃው ዞሩ።

አፈርኩ። አንድ ወር ሙሉ የእኔን ደብዳቤ ሲፈቱልኝ፣ ሲቋጥሩልኝ፣ የእርስዎስ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። እንዲያውም ሰኞ ዕለት ምልክቶቻቸውን ስፍቅ በልቤ ስረግማቸው ነበር።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። ፎርሙን አወጣችና ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች፦ «አብረው የሚዛወሩ ሠራተኞች»። እኔ ሠራተኛ የለኝም፤ መስመሩ ባዶ ነው። «ጻፋቸዋ!» አለችኝ። ብዕር አነሳሁና ቆምኩ። ስማቸውን አላውቅም። ብጠይቅ ይነቁብኛል፤ ከነቁ ደግሞ እንቢ ለማለት የሚያቀርቡት ማብራሪያ እስከ አሥረኛው ቀን አያልቅም። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ሞላሁ። ስም፦ ማለት። የአባት ስም፦ ነው። የሥራ ድርሻ፦ አስረጂ። በማግስቱ ቢሮው ሲከፈት አስገብቼ ለማንም ሳልናገር ተመለስኩ። ደግ መሆኔ ብቻ ሳይሆን ብልህ መሆኔም ደስ ብሎኝ ቀኑን ሙሉ ሳፏጭ ዋልኩ።

በዘጠነኛው ቀን ኃላፊዋ ስምንታችንንም ቢሮ ጠራችን። ከእኛ ጋር ጋሽ ማለትም መጡ፤ ማንም አልጠራቸውም፣ ግን የሚገለጽ ነገር ቢኖርስ?

ስምንቱ ፎርሞች ጠረጴዛዋ ላይ ተደራርበዋል። እጇን ላያቸው ላይ አድርጋ አንድ በአንድ አየችን።

«ማለት ነው ማን ነው?» አለች።

ስምንታችንም ወደ ጣራው አየን።

«ይቅርታ፣ የባዕድ ቋንቋ ነው እንዴ የምናገረው? ማለት ነው የሚባል ሰው ማን ነው?»

«ማለት ነው ማለት...» ብዬ ጀመርኩ። «እ... እሳቸው ናቸው ማለት ነው።»

«እሺ። ታዲያ አንድ ሰው በስምንት ቤት ተቀጥሮ እንዴት ይሠራል?»

አልገባኝም። ወረቀቶቹን እያነሳች ማንበብ ጀመረች። ልብስ ስፌት፣ አዝራር ተካይ። ብረት ቤት፣ በር ሲበየድ በር ያዥ። ፀጉር ቤት፣ ተራ አስጠባቂ። እንዲህ እያለች እስከ ስምንተኛው ወረደች፤ ፎቶ ቤት፣ አስረጂ። አምስታችን «ማለት ነው» ብለን ጽፈናል። ሁለቱ «ጋሽ ማለት» ብለዋል። ብረት በያጁ ደግሞ በስም ቦታ «ይጣራ» ብሎ ጽፏል።

እርስ በርስ ተያየን። ልብስ ሰፊዋ መሬት መሬት ታያለች። ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ስምንታችንም ተደብቀን፣ ስምንታችንም ብልህ ነን ብለን፣ አንድ ሽማግሌ ስምንት ቦታ ቀጥረናል።

ጋሽ ማለት ከኋላችን ወጥተው ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። ማጉያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰኩ። የመጀመሪያውን ወረቀት አነሱ፤ ሁለተኛውን፤ ሦስተኛውን። ስምንተኛውን ካስቀመጡ በኋላ ማጉያውን ከዓይናቸው አወለቁ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

«አልገባኝም» አሉ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህችን ቃል ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም። ሌሎቹም አልሰሙም። ከዚያ ስምንታችንም በአንድ ጊዜ ማስረዳት ጀመርን። ልብስ ሰፊዋ ከአዝራር ተነሳች፣ ብረት በያጁ ከበር፣ እኔ ከኔጌቲቭ፤ አንዱ ሌላውን ያርማል፣ ሌላው ያንን ያርማል፣ ኃላፊዋ ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች።

«በቃ!» አለች በመጨረሻ። «ሰው የሚዛወረው በአንድ ቤት ብቻ ነው።» ከላይ ያገኘችውን ፎርም ሳበችና ማኅተሟን መታችበት። ከላይ የነበረው የልብስ ሰፊዋ ነው። አዲሱ ሕንፃ ላይ ከበሯ አጠገብ ለአንድ ጠረጴዛ የሚሆን ቦታ ያገኛሉ ማለት ነው። ደስ አለኝ፤ እልል ማለት ሁሉ ዳድቶኛል። ግን እውነቱን ልናገር፣ ቅርም ብሎኛል። ፎርሜን ከሁሉ ቀድሜ በማስገባቴ ነው ከሥር የቀረሁት።

ከቢሮው ስንወጣ ሌሎቹ ቀድመው ወረዱ። ጋሽ ማለት የደረጃውን መደገፊያ ብረት ይዘው ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። መሐል ደረጃ ላይ ቆሙና እጅጌዬን ያዙኝ።

«እስቲ እንደገና ንገረኝ፤ ረጋ ብለህ» አሉ።

ነገርኳቸው። ደብዳቤ ስላልመጣላቸው፣ ስለ ፎርሙ፣ ስለ ባዶው መስመር፣ እርስ በርስ ሳንነጋገር ሁላችንም ስለመጻፋችን፣ ሁሉንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ።

«እሺ፤ ግን ለምን?» አሉ።

በሳምንት አንድ ቀን በቃላት የምኖር ሰው ነኝ፤ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ከዚያ ሌላ ስላልነበረ እንዳለ አወጣሁት።

«ስለምንወድዎት ነዋ፣ ጋሼ!»

እጅጌዬን ለቀቁኝ።

«እሱማ ገብቶኛል» አሉ። «ፎርሙ ነው ያልገባኝ።»